ለሚሽከረከረው ክብ የቀረበ ውዳሴ

ምስጋና የሚገባው ሁሉ ምስጋናውን አያገኝም። በስልክ መስታወት መካከል ቆሞ ያለ ዕረፍት የሚዞረው ክብ ውለታው ከተዘነጋባቸው አንዱ ነው። ሰው ሲያየው ይማረራል፤ ስልኩን አጥፍቶ ያበራል፣ ሲም ካርዱን አውጥቶ እፍ ይልበታል፣ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ይወጣል። ከዚያ ክብ ጀርባ ስንት የተማረ ሰው እንደለፋ፣ ስንት ስብሰባ እንደተቀመጠለት፣ ቀለሙ ሰማያዊ ይሁን አረንጓዴ ተብሎ ስንት ክርክር እንደተደረገ የሚያስብ የለም። እኔ ዛሬ ላመሰግነው ተነሥቻለሁ። ምስጋናዬንም የማቀርበው ክቡ ረጅም ዕድሜ በሚያገኝበት አገር፣ በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ስም ነው።

ክቡን የወለደው የአሠራር ዘዴ ባለ አንድ ገጽ መተግበሪያ ይባላል። ከእርሱ በፊት የነበረው ድረ ገጽ ቸኳይ ነበር። ሰው አንድ ገጽ ሲጠይቅ ሰርቨሩ ጽሑፉን አዘጋጅቶ ይልካል፤ ብራውዘሩም የደረሰውን ያህል ወዲያው እያሳየ ይቀጥላል። መስመሩ ቢደክም እንኳ መጀመሪያ ርእሱ፣ ቀጥሎ አንቀጹ፣ በመጨረሻ ሥዕሉ ይመጣል። ብዙ ጊዜ ሰው ሥዕሉ ሳይደርስ ጉዳዩን አንብቦ ጨርሶ ይሄድ ነበር። ሰውየው ጉዳዩን ጨርሶ ሄደ ማለት ደግሞ የገጽ ሠሪዎቹ ድካም በቅጡ ሳይታይ ቀረ ማለት ነው። ይህ በደል ለዓመታት ቆይቷል።

መፍትሔው ቀስ እያለ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1999 ማይክሮሶፍት ከኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ጋር አንድ ትንሽ መሣሪያ አወጣ። በብራውዘር ኢሜይል ለሚያነቡ የአውትሉክ ተጠቃሚዎች ተብሎ የታሰበ ሲሆን፣ ገጹ ከቦታው ሳይነቃነቅ ከበስተጀርባ ከሰርቨሩ ጋር እንዲነጋገር ያስችላል። ጉግል በ2004 ጂሜይልን፣ በ2005 ካርታውን በዚሁ መንገድ ለሕዝብ አቀረበ። በዚያው በ2005 ጄሲ ጄምስ ጋሬት የተባለ አሜሪካዊ ዘዴውን አጃክስ ብሎ ሰየመው። ካርታን በጣት እየጎተቱ ለማየት፣ አንዱን ኢሜይል እየጻፉ ሌላውን ለመቀበል መንገዱ ተገቢ ነበር፤ ይህን ማንም አይክድም። ታላቅነቱ የተገለጠው ግን አንጉላር በ2010፣ ሪአክት በ2013፣ ቪዩ በ2014 ብቅ ካሉ ወዲህ፣ ካርታም ኢሜይልም ላልሆነው ነገር ሁሉ መዋል ሲጀምር ነው፤ ለማስታወቂያ፣ ለመመዝገቢያ ቅጽ፣ ለፈተና ውጤት፣ ለደረሰኝ። አሁን ሰርቨሩ ጽሑፍ አይልክም። ባዶ ገጽ ይልካል። ቀጥሎ ያ ባዶ ገጽ እንዴት እንደሚሞላ የሚያዝ ግዙፍ የጃቫስክሪፕት ፋይል ይልካል። ስልኩ ፋይሉን አውርዶ፣ ፈትቶ፣ አስኪዶ ሲያበቃ ዞሮ ጽሑፉን ከሰርቨሩ ይጠይቃል። ያን ጊዜ ጽሑፉ ይመጣል። እስከዚያ ክቡ ይዞራል።

በዚህ ጎዳና ላይ ልባቸው የከዳቸው አልጠፉም። ትዊተር በ2010 ገጾቹ በተጠቃሚው ብራውዘር ውስጥ እንዲገነቡ አድርጎ ነበር። በ2012 ግን መሐንዲሶቹ ሥራውን ወደ ሰርቨር መለሱትና የመጀመሪያው ጽሑፍ እስኪታይ የሚወስደው ጊዜ ወደ አንድ አምስተኛ መውረዱን ለዓለም ተናገሩ። ሪአክት ለሕዝብ የተለቀቀው ከዚህ አንድ ዓመት በኋላ ነው። የሙያው ዓለም የትዊተርን ዜና በአክብሮት አንብቦ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ውዳሴ ያለ ቁጥር ወሬ ነውና ወደ ሒሳቡ እንሂድ። በድረ ገጽ በተለመደው አጻጻፍ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ምዝገባው ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ፣ ምን ምን ማስረጃ እንደሚያስፈልግ፣ ቦታው የት እንደሆነ የሚናገር ባለ 1000 ፊደል ማስታወቂያ እንግዲህ 3 ኪሎባይት ነው። በሰከንድ 100 ኪሎቢት በሚያሳልፍ ደካማ የ2ጂ መስመር ላይ ሩብ ሰከንድ ይበቃዋል። ዛሬ በዓለም ላይ ያለው መካከለኛ የሞባይል ድረ ገጽ ደግሞ ከ2 ሜጋባይት በላይ ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ ከ500 ኪሎባይት በላይ የሚሆነው ጃቫስክሪፕት ነው። 2 ሜጋባይት በዚያው መስመር 2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ይፈጃል፣ ያውም መካከል ላይ ካልተቆረጠ። ከሩብ ሰከንድ ተነሥቶ 160 ሰከንድ መድረስ በአጋጣሚ የሚገኝ ውጤት አይደለም። ዕውቀት ይጠይቃል፤ ደመወዝ ይጠይቃል። የ2 ሜጋባይቱን ሒሳብ ከዳታ ፓኬጁ ላይ የሚከፍለው ደግሞ የመንዝ ሞላሌ ገበሬ ስለሆነ፣ የገጠሩ ሕዝብ በቴክኖሎጂ ዕድገት ላይ ድርሻ የለውም የሚለው ወቀሳ ከሥሩ ሐሰት ነው።

ከዚህ ላይ ስለ ፊደላችን የተደረገውን ልዩ ጥንቃቄ አለመጥቀስ ንፉግነት ይሆናል። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ ከገባበት እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ቀስ በቀስ በየስልኩ ውስጥ ተዘጋጅቶ መጥቷል፤ ዛሬ ተራ የአንድሮይድ ስልክ ከሱቅ ሲወጣ ፊደላችንን ይዞ ይወጣል። ገጽ ሠሪዎቹ ግን በዚህ አልረኩም። ስልኩ ያለው ፊደል ከአርማቸው ቀለም ጋር አልሄድ ብሏቸው ሌላ የፊደል ፋይል አብረው ይልካሉ። ላቲኑ ጥቂት ቅርጽ ስላለው ፋይሉ ቀላል ነው፤ የእኛ ከ300 በላይ ምልክት ስላለው ይከብዳል። አዲሱ ፊደል እስኪወርድ ድረስ ብራውዘሩ የመጣውን ጽሑፍ ለ3 ሰከንድ ያህል ደብቆ ያቆያል። ጽሑፉ ደርሷል፤ ስልኩም ማንበቢያው አለው፤ ሰውየውም ፊደል ቆጥሯል። ሦስቱም ቆመው አራተኛውን ይጠብቃሉ።

የሰው ትዕግሥት ልክ አለው የሚሉ ተመራማሪዎች እንዳሉ አውቃለሁ። ጃኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው መጽሐፍ ሦስት ወሰን አስቀምጧል፤ በ0.1 ሰከንድ የመጣ ምላሽ ወዲያው እንደመጣ ይቆጠራል፣ እስከ 1 ሰከንድ ድረስ ሐሳብ አይቋረጥም፣ 10 ሰከንድ ካለፈ ግን ሰው ልቡ ወደ ሌላ ነገር ይሄዳል። ኒልሰን መንዝን አላየም። የመንዝ ሰው በ3000 ሜትር ከፍታ ላይ ገብስ ዘርቶ ውርጭ እንዳይመታበት እየተማጠነ ወራት የሚጠብቅ፣ በጉን ሸልቶ፣ ጸጉሩን አስፈትሎ፣ አሸምኖ በርኖስ እስኪለብስ የማይቸኩል ነው። ለእንዲህ ያለ ሕዝብ 160 ሰከንድ ምኑ ነው? ገጽ ሠሪዎቻችን በዚህ ትዕግሥት ላይ ሙሉ እምነት ጥለዋል፤ ሥራቸው ይመሰክራል።

ነገሩ በተግባር ምን እንደሚመስል ለማየት መንዝ ውስጥ፣ መሃል ሜዳ ላይ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት እንግባ። በየከተማው እንዳለው ያለ ቤት ነው። አንድ ኮምፒዩተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ላሚኔት ማድረጊያ፣ ቤቱን ከሚጠብቀው ልጅ ስልክ የሚሳብ ኢንተርኔት። አንድ አባት ልጃቸውን በድረ ገጽ ሊያስመዘግቡ ገብተዋል እንበል። የቤቱ ልጅ ሙሉ ስም ሞላ፣ የትውልድ ዘመን ሞላ፣ ፎቶ ጫነ። ቅጹ ቀጥሎ ክልል ይጠይቃል፤ ክልል ሲመረጥ ዞኖቹን ከሰርቨር ያስመጣል፣ ዞን ሲመረጥ ወረዳዎቹን፣ ወረዳ ሲመረጥ ቀበሌዎቹን። አገሪቱ ውስጥ ያሉት ዞኖች ሁሉ ስም ከአንድ ፎቶግራፍ ያነሰ ቦታ ይይዛል፤ አንዴ አብሮ ቢላክ ማንም አይጎዳም ነበር። እየቆራረሱ ማምጣቱ ግን ክቡን ሦስት ጊዜ ለማየት ዕድል ይሰጣል።

የልጁ ጣት በስሕተት ኦሮሚያን ነካ። ወዲያው አረመና አማራን መረጠ። ሁለት ጥያቄ ወደ ሰርቨር ሄደ። መስመሩ እንደ ሁልጊዜው ስለሆነ የሁለተኛው መልስ ቀድሞ ደረሰ፤ የመጀመሪያው መልስ ዘግይቶ መጣና በላዩ ላይ ተጻፈበት። አሁን ገጹ ላይ ክልሉ አማራ ይላል፤ ከሥሩ የተዘረዘሩት ዞኖች ግን የኦሮሚያ ናቸው። ልጁ ይህን እንዴት ይጠርጥር? ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን በአገራችን ሁለት አለ፤ አንደኛው በአማራ ክልል ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን፣ ሁለተኛው በኦሮሚያ ክልል ዋና ከተማው ፍቼ። ዝርዝሩ ውስጥ ሰሜን ሸዋ የሚለውን አገኘና ነካው። ክቡ ዞረ። ወረዳዎቹ መጡ።

«አባባ፣ መንዝ ጌራ የለም» ይላል ልጁ።

«እንዴት የለም? እኔስ ከየት መጣሁ?»

«እዚህ ላይ የለም ማለቴ ነው። ደገም አለ፣ ኩዩ አለ፣ ወረ ጃርሶ አለ።»

«ይኑሩ፣ አገራቸው ነው። እኔ የጌራ ሰው ነኝ። እስቲ ወደ ኋላ መልሰውና እንደገና እየው ልጄ።»

ልጁ ወደ ኋላ የሚመልሰውን ቀስት ተጫነ። ገጹ አንድ ብቻ ስለሆነ ወደ ኋላ የሚባል ቦታ የለውም፤ ቅጹ እንዳለ ጠፍቶ ከዚያ በፊት ተከፍቶ የነበረው የእግር ኳስ ዜና መጣ። ስሙም፣ የትውልድ ዘመኑም፣ ፎቶውም ሄደ። ብራውዘሮች የገጹን አድራሻ በየደረጃው እየመዘገቡ ወደ ኋላ መመለስን የሚያስችል መሣሪያ ከያዙ ከ10 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ገጽ ሠሪዎቹ በዚህ ቅጽ ላይ አልተጠቀሙበትም፤ እናም አባትየውና የቤቱ ልጅ ከሙሉ ስም ጀምረው ሁለተኛ የመተዋወቅ ዕድል አገኙ።

ስለ ክቡ ዘላለማዊነት የሚደነቁ ብዙዎች ናቸው፤ ምስጢሩን የሚያውቁ ግን ጥቂት። ዛሬ አብዛኛው ገጽ ከሰርቨር መረጃ የሚጠይቅበት ፌች የተባለው ትእዛዝ በራሱ የጊዜ ገደብ የለውም። ይህን ያህል ሰከንድ ጠብቀህ ካልመጣልህ ተወው ብሎ የሚያዘው ፕሮግራመሩ ነው። ፕሮግራመሩ ካላዘዘው ጥያቄው ብራውዘሩ ወይም መስመሩ እስኪጥለው ድረስ ይጠብቃል። በአውቶቡስ ከመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ ወደ ጀማ ሸለቆ የምትወርድ ተማሪ ገጽ ከፍታ ቁልቁለቱ ላይ ኔትወርኩ ቢጠፋባት፣ ክቡ ወንዙን አብሯት ሊሻገር ይችላል። በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ታማኝነት የት ይገኛል?

ሌላም አለ። ሰርቨሩ ተበላሽቶ 500 የሚለውን የስሕተት ቁጥር ቢመልስ እንኳ ፌች መልስ መጣ ብሎ እንደ ሰመረ ጉዳይ ይቆጥረዋል፤ ቁጥሩን አይቶ መለየት አሁንም የፕሮግራመሩ ፈንታ ነው። ያልተለየ እንደሆነ ገጹ ባዶ ዝርዝር ያሳያል። ውጤት የሚጠብቅ ልጅ ባዶ ዝርዝር ሲያይ አልተፈተንኩም ማለት ነው ወይ ብሎ ራሱን ይጠይቃል። አንዳንዱ ገጽ ደግሞ ከዚህም ይልቃል፤ ቁልፉ እንደተነካ ሰርቨሩን ሳይጠብቅ «ተልኳል» ይላል፣ ጥያቄው ከተማውን ሳይለቅ። ቁልፉ እንደነቃ ስለሚቆይ የተጠራጠረ ሰው ደግሞ ይነካዋል፤ ሁለት ጊዜም ይመዘገባል።

አባቶቻችን በማስጠበቅ ጥበብ ወደ ኋላ ቀርተው እንደነበር በድፍረት መናገር አለብኝ። የጓሳ ሣር ምሳሌ ይሁነን። ጓሳ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ፣ ወደ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚደርስ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት የመንዝ ተራራ ነው። ሣሩ ቤት ይከድናል፣ ገመድ ይሆናል። መሬቱን ያቀኑት የአስቦና የጌራ ዘሮች ሣሩ እስኪደርስ ድረስ ተራራውን ለ3፣ አንዳንዴም ለ5 ዓመት ይዘጉት ነበር። 5 ዓመት! እስከዚህ ድረስ ከዛሬዎቹ ባለሙያዎች ጋር መወዳደር ይችላሉ። ግን አንድ ስሕተት ሠሩ፤ ለሕዝቡ ነገሩት። ተራራው መዘጋቱ ይታወቅ ነበር፤ ማን እንደዘጋው፣ ስለ ምን እንደዘጋው ይታወቅ ነበር፤ ሣሩ ሲደርስ የመክፈቻው ቀን ለሁሉም ይነገራል፣ ሁሉም በአንድ ቀን ማጭዱን ይዞ ይገባል። በመካከሉ ማንም በየማለዳው ዳገት ወጥቶ ተከፍቶ ይሆን እያለ አይቆምም ነበር፤ ወደ እርሻው ይሄድ ነበር። ያ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. ከመሬት አዋጁ ጋር አከተመ፤ ጓሳ ዛሬ በሌላ የማኅበረሰብ ጥበቃ ሥር ነው። የዛሬው ክብ መዘጋቱንም መከፈቱንም አይናገርም። ስንት እንደቀረ አይናገርም። መምጣት አለመምጣቱን አይናገርም። ሰውየው ወደ እርሻው እንዳይሄድ በቂ ተስፋ ይሰጠዋል፤ ከዚያ የሚያልፍ አይሰጠውም።

ክቡ የ3 ሰከንድ መዘግየትንና የወራትን መዘጋት እኩል የሚያይ መሆኑ በአገራችን በተግባር ተፈትኗል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ። ቀድሞ ተከፍቶ የነበረ ገጽ በየስልኩ ላይ እንዳለ ነበር፤ ሰው ሲነካው ክቡ ይዞራል። መስመር የለም አላለም። ቆይተህ ሞክር አላለም። ያለፈውን ጊዜ ያነበብከው ይኸው ብሎ ያስቀመጠውን አላወጣም፤ ብራውዘሮች ያለ መስመር የሚያሳዩትን ነገር እንዲያስቀምጡ ማድረግ ከተቻለ ዓመታት ሆኖታል። ክቡ ግን ከሕዝቡ ጋር ተስፋ ማድረግን መረጠ።

አሁን ወደ ውበቱ እንለፍ። እ.ኤ.አ. በ2013 ሉክ ሮብሌውስኪ የተባለ ዲዛይነር፣ ክቡን ማየት ሰውን ሰዓት እያስቆጠረ ያሰለቻል በማለት በምትኩ የገጹን አጽም ማሳየትን አስተዋወቀ። ጽሑፉ በሚመጣበት ቦታ ግራጫ መስመር፣ ሥዕሉ በሚመጣበት ቦታ ግራጫ ሣጥን ይቀመጣል፤ በላዩ ላይ ብርሃን ከግራ ወደ ቀኝ ይመላለሳል። ጽሑፉ በሁለተኛው ሰከንድ ለሚደርስበት አገር መልካም ሐሳብ ነው። አሜሪካዊው ሊቅ ዶናልድ ሌቪን መንዝ ውስጥ ኖሮ ካጠና በኋላ እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተመው መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» የሚል ስም አለው። ሌቪን ዛሬ መሃል ሜዳ ላይ ስልክ ይዞ ቢቀመጥ ወርቅ የሌለው ሰም፣ ያውም ግራጫ ሰም፣ ያገኝ ነበር።

ገጽ ከገጽ ሲለወጥ የሚደረገው ሽግግርም አለ፤ አሮጌው ወደ ግራ ይንሸራተታል፣ አዲሱ ከቀኝ ይገባል፣ ወይም አንዱ እየደበዘዘ ሌላው ይፈካል። አቅሙ ውሱን በሆነ ስልክ ላይ ይህ እንቅስቃሴ እየተንገጫገጨ ስለሚመጣ ከሌላው ሰው ስልክ ይልቅ ረዘም ብሎ ይታያል። አንድ የሚያሳስብ ዜና ግን ልደብቅ አልችልም። ክሮም እ.ኤ.አ. በ2023 ይህን ሽግግር በብራውዘሩ ውስጥ አስገባው፤ በ2024 ደግሞ እንደ ድሮው ለየብቻቸው ከሰርቨር ለሚመጡ ገጾችም ፈቀደው። ተራ ገጽ፣ ጽሑፉን ወዲያው የሚያሳይ ገጽ፣ ከጥቂት መስመር ትእዛዝ ጋር ያንኑ መንሸራተት ማሳየት ቻለ ማለት ነው። ለውበቱ ስንል ነው ባዶ ገጽ የምንልከው ሲሉ ለነበሩ ባልደረቦች ከባድ ጊዜ ነው። እስካሁን በጽናት አልፈውታል።

ዓይነ ስውራንን በሚመለከት ውዳሴዬን አሳጥራለሁ፤ ነገሩ ራሱ አጭር ነውና። ገጽ በድሮው መንገድ ሲቀየር የስልኩ አንባቢ ድምፅ አዲሱን ርእስ ይናገራል። በባለ አንድ ገጹ አሠራር፣ ፕሮግራመሩ ሆን ብሎ ካልነገረው በቀር፣ ምንም አይናገርም። ሰውየው ቁልፍ ይነካል፣ ገጹ ይቀየራል፣ ዝም ይላል። ደግሞ ይነካል።

ጠላት የሌለው ጥበብ የለምና የክቡንም ጠላት መጥቀስ አለብኝ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በመተግበሪያ ብቻ አልመጣም፤ *127# ብሎ ደውሎ መጠቀምም ይቻላል። ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ቁልፍ ባለው ተራ ስልክ ይሠራል። ቁጥር ይመጣል፣ ቁጥር ይመለሳል። አጽም የለው፣ ሽግግር የለው፣ የሚዞር ነገር የለው። በግሼ፣ ራቤል ገበያ ላይ በግ የሸጠ ሰው ብሩን በዚህ ተቀብሎ፣ አረጋግጦ፣ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ይሄዳል። የፈተና ውጤትም በድረ ገጽ በተለቀቀ ቁጥር በአጭር የጽሑፍ መልእክት ለማየት የሚሯሯጠው ተማሪ ብዙ ነው። ይህ ሁሉ ሰው የገጽ ሠሪዎቻችንን የቀለም ምርጫ ሳያይ ያልፋል። ለእነርሱ ከልቤ አዝናለሁ።

የዚህ ሁሉ ሥራ ምንጭ የሆነውን ክፍል ላስበው። አዲስ አበባ ውስጥ ነው፤ ፋይበር ገብቶለታል፤ ገበታው ላይ አዲስ ላፕቶፕ አለ። ገጹ እዚያ ሲከፈት ክቡ ግማሽ ዙር ሳይዞር ይጠፋል፤ ሽግግሩ እንደ ቅቤ ይቀልጣል። አለቃው አይቶ ያጨበጭባል። በዚያው ላፕቶፕ፣ በዚያው ክሮም ውስጥ፣ መስመሩን ሆን ብሎ ደካማ አድርጎ የሚያስሞክር ቁልፍ አለ፤ ከተጫኑት ገጹ መንዝ፣ ዝመሮ ላይ ምን እንደሚመስል ከወንበር ሳይነሡ ያሳያል። ገጽ ሠሪዎቹ ግን አይጫኑትም። አለመጫናቸው የደግነት ምልክት ነው፤ ሰው የማያየውን አይፈርድበትም።

ስለዚህ የመንዝን፣ የግሼንና የመርሐቤቴን ክብር ለምትጠብቁ ባለሙያዎች ሁሉ ልመና አለኝ። ጽሑፉን ከሰርቨር አዘጋጅታችሁ ቀድማችሁ እንዳትልኩ፤ ሕዝቡ አንብቦ ይሄድባችኋል። ጥያቄያችሁ በ10 ወይም በ15 ሰከንድ መልስ ካላገኘ አቁሞ «መስመር የለም፤ የሞላኸው ተቀምጧል፤ እዚህ ነክተህ እንደገና ሞክር» እንዲል አታድርጉ። አዲስ ምርጫ ሲመጣ የቀደመውን ጥያቄ እንዳትሰርዙ፤ ሁለቱ ሰሜን ሸዋዎች በዚያው ይገናኙ። ሰው የሞላውን ቅጽ በገዛ ስልኩ ላይ እንዳታስቀምጡለት። በስልኩ ውስጥ ባለው ፊደል እንዳትጠቀሙ። የተነካ ቁልፍ መልስ እስኪመጣ እንዳይተኛ። ያን መስመር አድካሚ ቁልፍ በምንም ምክንያት እንዳትነኩት። ከሁሉ በላይ ግን ከደብረ ብርሃን በጣርማ በር ዞራችሁ፣ ጓሳን አቋርጣችሁ፣ መሃል ሜዳ ላይ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት በር ቆማችሁ፣ የሠራችሁትን ገጽ በገዛ ስልካችሁና በገዛ ዳታችሁ እንዳትከፍቱት።